ሽፋኑ ላይ ባትማን፣ ውስጡ ሌላ ሰው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የልዕለ ጀግና ፊልም ተመልካቹን አሰልችቷል የሚለው አስተያየት በመዝናኛ ገጾች ላይ በየጊዜው ይወጣል። በትልቁ ሲኒማ በኩል ሌላው ይከራከርበት። በአኒሜሽኑ በኩል ግን ሰው የሰለቸው ልዕለ ጀግናን ሳይሆን ሦስት ስሞችን ነው፤ ባትማን፣ ሱፐርማን እና ሁለቱን የሚያሰባስበው ጀስቲስ ሊግ። ይህን ለማየት ተንታኝ መሆን አያስፈልግም፤ የፊልሞቹን ርዕስ በቅደም ተከተል ጽፎ መቁጠር ይበቃል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋርነር ብራዘርስ የነባትማን አሳታሚ የሆነውን የዲሲ ኮሚክስን ታሪኮች በቀጥታ ለዲቪዲ የሚያወጣበትን ዋናውን የአኒሜሽን ፊልሞች መስመር የጀመረው በ2007 «ሱፐርማን፦ ዱምስዴይ» በተባለው ፊልም ነው። ከዚያ አንስቶ በ2016 እስከወጣው «ባትማን፦ ዘ ኪሊንግ ጆክ» ድረስ በዚህ መስመር 27 ፊልሞች ተሠሩ። ከ27ቱ ውስጥ ከእነዚያ ሦስት ስሞች አንዱም ርዕሱ ላይ የሌለባቸው ሦስት ብቻ ናቸው፤ የ2009 «ወንደር ውመን»፣ በዚያው ዓመት የወጣው «ግሪን ላንተርን፦ ፈርስት ፍላይት» እና የ2011 «ግሪን ላንተርን፦ ኤመራልድ ናይትስ»። የመጨረሻውም ቢሆን የግሪን ላንተርን የሲኒማ ፊልም ለእይታ በበቃበት በዚያው ወር የወጣ ስለሆነ የድፍረት ሥራ ነው ለማለት ይከብዳል። ከእሱ በኋላ፣ ከ2011 መጸው እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ፣ 17 ፊልሞች በተከታታይ ከሦስቱ ስሞች አንዱን ተሸክመው ወጥተዋል። ሰንሰለቱን የበጠሰው በ2017 የመጣው የቲን ታይታንስ ፊልም ነው።

ምክንያቱ ገበያ ነው። እነዚህ ፊልሞች ጥቂቶቹ ካልሆኑ በቀር ሲኒማ ቤት አይገቡም፤ ትልቅ የማስታወቂያ በጀትም የላቸውም። ለዓመታት የተሸጡት በአሜሪካ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ነው። በዚያ ለሚያልፍ ሰው ፊልሙን የሚያስተዋውቅለት የሽፋኑ ሥዕልና ርዕሱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሽያጭ ክፍሉ «የሚታወቅ ስም አውጡለት» ቢል አይፈረድበትም። ጥፋቱ የመጣው ለሽፋን የተሰጠው ምክር ቀስ በቀስ ወደ ድርሰቱ ሲገባ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጉዳቱ ስም ከመንጠቅ አላለፈም። በ2010 የወጣው «ሱፐርማን/ባትማን፦ አፖካሊፕስ» የሱፐርማን የአጎት ልጅ የሱፐርገርል ፊልም ነው። ወደ ምድር የምትመጣው እሷ፣ አማዞኖቹ ዘንድ የምትሠለጥነው እሷ፣ ከሌላ ዓለም የመጣው ጨካኝ ገዢ ዳርክሳይድ አፍኖ የሚወስዳት እሷ፣ በመጨረሻም ዳርክሳይድን ከምድር የምታባርረው ራሷ። ርዕሱ ላይ ግን የለችም። በ2014 «ባትማን፦ አሶልት ኦን አርካም» በሚል የወጣውን የገዛ ሰው ደግሞ ያገኘው የወንጀለኞቹን ቡድን የሱሳይድ ስኳድን ፊልም ነው፤ ዴድሾት፣ ሃርሊ ክዊን፣ ካፒቴን ቡሜራንግ፣ ኪንግ ሻርክ። ባትማን ብቅ እያለ የሚጠፋ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ቡድን በራሱ ስም ሲኒማ ቤት ገብቶ በዓለም ዙሪያ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የፊልሙ ጥራት ሌላ ክርክር ነው፤ ስሙ ግን ሰው መጥራት እንደሚችል ታይቷል።

ከሁሉም የሚገርመው የ2016 «ባትማን፦ ባድ ብለድ» ነው። በዚህ ፊልም ባትማን ገና ከመጀመሪያው ይጠፋል፤ ታሪኩ ያረፈው በባትውመን፣ በናይትዊንግ፣ በባትማን ልጅ በዴሚየን እና ባትዊንግ በሚባለው በሉክ ፎክስ ጫንቃ ላይ ነው። ሉክ ፎክስ ጥቁር ወጣት ነው፤ አባቱ የብሩስ ዌይን (የባትማን እውነተኛ ስም ነው) ባልደረባ ሉሺየስ ፎክስ ነው፤ የብረት ልብሱን የሚለብሰው አባቱ ከተጎዳበት በኋላ ነው። ለአንድ ሙሉ ፊልም የሚበቃ ነገር አለው። ያገኘው ግን ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር የተካፈለውን ሰዓት ነው፣ ያውም በሌለ ሰው ስም።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ የሌላው ታሪክ ውስጥ ገባ። በ2011 «ጀስቲስ ሊግ ዳርክ» የተባለው ኮሚክ ሲጀመር ባትማን አባል አልነበረም። ቡድኑ የአስማት ሰዎች ቡድን ነው፤ ጆን ኮንስታንታይን፣ ዛታና፣ ዴድማን። ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው፤ ጉልበት የማይፈታውን ችግር የሚፈቱ፣ እርስ በርስ የማይተማመኑ ሰዎች ናቸው። የ2017ቱ ፊልም ሲሠራ ግን ባትማን ተጨመረበት። እንዴት አስገቡት ቢባል፣ የዴድማን መንፈስ ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ በቤቱ ግድግዳ ላይ «ኮንስታንታይን» እያለ ሲጽፍበት ያድራል፤ በዚህ ሰበብ ባትማን ኮንስታንታይንን ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምን ይሠራል? አስማት አያውቅም፣ አስማትም አይወድም። አብዛኛውን ጊዜ ዳር ቆሞ ይጠራጠራል። እሱ የቆመበት እያንዳንዱ ደቂቃ ግን ከቡድኑ አጋሮች ከስዋምፕ ቲንግ ወይም ከኤትሪጋን ላይ የተቆረጠ ነው።

የደቂቃውን ነገር በደንብ ማየት ያስፈልጋል፤ የዚህ ሥራ ቁልፉ እሱ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ነው። 75 ይሁን እንበል። ለመግቢያና ለመውጫ ጽሑፍ 5 ይወጣለታል። ገዢው ድብድብ ስለሚፈልግ 25 ደቂቃ ለድብድብ ይመድባሉ። የቀረው 45 ነው። በዚህ 45 ደቂቃ ውስጥ አዲስ ጀግና ማስተዋወቅ የሚፈልግ ጸሐፊ ቢያንስ አራት ነገር ማሳየት አለበት፤ ሰውየው ጀግና ከመሆኑ በፊት ማን እንደነበር፣ ኃይሉን እንዴት እንዳገኘና ኃይሉ ምን እንደማይችል፣ ጠላቱ ለምን የእሱ ጠላት እንደሆነ፣ እና ሳይገደድ የሚወስነው አንድ ውሳኔ። ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ በቁጥቁጥ ይበቃዋል። አሁን ሰባት አባላት ያሉት ጀስቲስ ሊግ ይግባ። ለእያንዳንዱ አባል ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 21 ደቂቃ ሄደ። የቀረው 24 ስለሆነ ከአራቱ ሁለቱ መቆረጣቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቆረጠውም የመጀመሪያው ነው፣ ማለትም ተመልካቹ ሰውየውን እንዲወደው የሚያደርገው ክፍል።

በ2015 የወጣው «ጀስቲስ ሊግ፦ ትሮን ኦቭ አትላንቲስ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፊልሙ 72 ደቂቃ ሲሆን የሚተርከው የአኳማንን አነሳስ ነው። አርተር ኩሪ (አኳማን) አባቱን በሞት አጥቷል፤ ማንነቱን አያውቅም፤ እናቱ የባሕር ንግሥት ናት፤ ንግሥቲቱን ሌላው ልጇ ኦርም ይገድላታል፤ ሜራ የምትባል ሴት ወደ መንግሥቱ ትወስደዋለች፤ ዙፋን ይወርሳል። ይህ ሁሉ በ72 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። በዚያ ላይ ሱፐርማንና ወንደር ውመን እራት ሊበሉ ምግብ ቤት ይቀመጣሉ፣ የሊጉ አባላት ስብሰባ ላይ ማን መጣ ማን ቀረ እያሉ ይነታረካሉ፣ ሳይቦርግ የራሱ ሐዘን አለው። አኳማን በገዛ ሰርጉ ሚዜ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚያው የኮሚክ ዘመን የተቀዳ የአኳማን ፊልም ለሲኒማ ሲሠራ 143 ደቂቃ ተሰጥቶት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የሲኒማውን በጀት ከዲቪዲው ጋር ማወዳደር አይቻልም፣ ልክ ነው። የአኒሜሽኑ ፊልም ግን የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ደቂቃ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ሱፐርማን ራሱ ነው። እሱ ባለበት ዓለም ውስጥ ሌላ ጀግና ተቸግሮ ማሳየት አይቻልም፤ ተመልካቹ ወዲያው «ሱፐርማን መጥቶ ለምን አይጨርሰውም?» ይላል። ስለዚህ ጸሐፊው ገና ሲጀምር ሱፐርማንን የማሰናከል ሥራ ይጠብቀዋል። ያለፉትን ዓመታት ፊልሞች ያየ ሰው መላዎቹን ያውቃቸዋል። በ2013ቱ «ፍላሽፖይንት ፓራዶክስ» ከመሬት በታች ታስሮ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቷል። በ2014 «ጀስቲስ ሊግ፦ ዋር» ዳርክሳይድ ማርኮ ሊለውጠው ይሞክራል። በ2020 «አፖኮሊፕስ ዋር» ደረቱ ላይ በሚያደክመው ማዕድን በክሪፕቶናይት ተነቅሶ ኃይሉን አጥቷል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የመጀመሪያው እንዲያውም ድንቅ ነው። ነገር ግን ሰውየውን ለማስወጣት ይህን ያህል የሚደከም ከሆነ መጀመሪያውኑ ባይገባስ?

ሦስተኛው ስውር ነው። ፊልሙ የሌላ ሰው ሆኖ እንኳ የመጨረሻውን ስሜት አውራው ጀግና ይወስደዋል። «ፍላሽፖይንት ፓራዶክስ» ርዕሱ ላይ ጀስቲስ ሊግ ይበል እንጂ የፍላሽ ታሪክ ነው፤ ባሪ አለን እናቱን ከሞት ለማዳን ዘመንን ወደኋላ ሮጦ ዓለምን ያበላሻል፣ መልሶ ለማስተካከልም እናቱን ዳግም ማጣት አለበት። ከዚህ የሚከብድ ውሳኔ የለም። ፊልሙ የሚያልቀው ግን ባሪ ከሌላኛው ዓለም ያመጣውን የብሩስ ዌይንን አባት ደብዳቤ ለብሩስ ሰጥቶ፣ ብሩስ አንብቦ ሲያለቅስ ነው። እርግጥ በኮሚኩም እንደዚያው ነው፣ ትዕይንቱም ያምራል። ቢሆንም ተመልካቹ ከመቀመጫው የሚነሳው የባትማንን እንባ ይዞ ነው፤ ባሪ ያጣት እናት ተረስታለች።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ ይታወቃል፤ «ሌሎቹ አይሸጡም»። መነሻው የ2009ኙ «ወንደር ውመን» ነው። ፊልሙ ከተከታታዩ ምርጦች አንዱ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን የተጠበቀውን ያህል አልተሸጠም ተባለ። ሁለተኛ ፊልም ለማግኘት እስከ 2019 ጠበቀች፣ ድፍን አሥር ዓመት። በመካከሉ የ2017ቱ የሲኒማ ፊልሟ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። አዙሪቱ ይህ ነው፤ ስሙን አታወጣውም፣ ስለዚህ አይታወቅም፣ ስለማይታወቅ አታወጣውም። የአውራዎቹ ስም ዋስትና ነው የሚለውም ሁልጊዜ አልሠራም። በ1993 ሲኒማ ቤት የገባው «ባትማን፦ ማስክ ኦቭ ዘ ፋንታዝም» ዛሬ ሁሉም የሚያደንቀው ፊልም ነው፤ በጊዜው ግን ከቲኬት ያገኘው ከ6 ሚሊዮን ዶላር አይበልጥም። በአንጻሩ ዲዝኒ በ2014 ከማርቭል መጋዘን «ቢግ ሂሮ 6» የሚባል አብዛኛው የኮሚክ አንባቢ እንኳ የማያውቀውን ቡድን አውጥቶ ከ650 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፣ ኦስካርም ወሰደ።

አውራ ጀግናን ጭራሽ አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። አጠቃቀሙን ያሳየው የ2018ቱ የስፓይደርማን አኒሜሽን ነው። አዲሱ ወጣት ስፓይደርማን ማይልስ ሞራሌስ በኮሚክ የተወለደው በ2011 ነው፤ ፊልሙ የእሱ ነው። የሚታወቀው ስፓይደርማን ፒተር ፓርከር ገና በመጀመሪያው ክፍል ይሞታል። ከሌላ ዓለም የሚመጣው ሁለተኛው ፒተር ደግሞ ቦርጩ የወጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ማስተማርም የማይፈልግ ሰው ነው። ልጁን ያነሳል፣ ይገስጻል፣ ከዚያ ዞር ይላል። ወሳኙን ዝላይ ማይልስ ብቻውን ይዘላል። በርዕሱ ስፓይደርማን አለ፣ የሽያጭ ክፍሉም አልተከፋም። የጀስቲስ ሊግ ፊልሞች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት የዚህን ግልባጭ ነው፤ አዲሱ ልጅ አውራውን ሲያጅብ ያልቃል።

ዋርነርም ቢሆን ይህን የማያውቅ ቤት አይደለም። ከ2004 እስከ 2006 የተላለፈው «ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ» በነበረበት ጊዜ ሌላ የባትማን ተከታታይና የሲኒማ ፊልም ስለነበሩ የባትማን ጠላቶችና የከተማው የጎታም ሰዎች እንዳይነኩ ገደብ ተጣለ። ጆከር የለም። ጸሐፊዎቹ በግድ ወደ ሌላው መደርደሪያ ዞሩ። ያኔ ነው ፊት የሌለው፣ ሁሉንም ነገር ሴራ ነው ብሎ የሚያምነው ክዌስቺን የሰው ሁሉ ተወዳጅ የሆነው። ግሪን አሮው ሊጉን ከውስጥ ሆኖ የሚሞግት ሕሊና ሆነ። ክልከላው የሰጣቸውን ጥቅም በፈቃዳቸው መልሰው ቢያመጡት ጥሩ ነበር።

መፍትሔውም በእጃቸው ነው። በ2010 «ዲሲ ሾውኬዝ» በሚል ስፔክተርን፣ ጆና ሄክስን እና ግሪን አሮውን አጫጭር ፊልም ሠርተውላቸው ነበር፤ ከትልቁ ፊልም ጋር በአንድ ዲስክ የሚሸጡ፣ እያንዳንዳቸው ከሩብ ሰዓት ብዙም የማይርቁ። ይህ ርካሽ መሞከሪያ ነው። አዲስ ጀግና ከባዶ ሲነሳ ወጪው የሚበዛው ሥዕሉ ላይ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ተስሎ፣ የፊቱ ስሜቶች ተዘጋጅተው፣ ከተማውና አጃቢዎቹ ሁሉ ተነድፈው ነው ብዙ ጊዜ ኮሪያ ላሉት ስቱዲዮዎች የሚላከው። አጭሩ ፊልም ይህን ወጪ በከፊል ይከፍለዋል፤ ሰው ከወደደው ንድፉ ለረጅሙ ፊልም ያገለግላል። («ባትማን ንድፉ ስላለ ይረክሳል» የሚለው ብዙም አያስኬድም፤ የፊልሙ ስታይል በተቀየረ ቁጥር ባትማንም እንደ አዲስ ይሳላል።) ዛሬ ደግሞ የዲቪዲ መደርደሪያው ራሱ እየጠፋ ነው። ከ2017 ወዲህ መሻሻል እንዳለ አልክድም፤ በ2022 ጆን ስቱዋርትን መሐል ያደረገ የግሪን ላንተርን ፊልም፣ በ2023 የሱፐርገርልና የሌጂዮን ፊልም ወጥተዋል። በ2024 ግን ተመልሰው ባለ ሦስት ክፍል ጀስቲስ ሊግ ነው ያወጡት። በ2018 ራሳቸው በሠሩት የቲን ታይታንስ ኮሜዲ ለባትማን አገልጋይ ለአልፍሬድና ለባትማን መኪና ሳይቀር ፊልም ሲሠራ ሮቢን አልሠራልህም ይባላል። ቀልዱን ያውቁታል ማለት ነው።

በውጭ ልጅ ለሚያሳድጉ አንባቢዎቻችሁ ስታቲክን ላስታውስ። ቨርጂል ሃውኪንስ፣ ጥቁር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ኤሌክትሪክ የሚያዝ፤ በ1993 ማይልስቶን የተባለውን የኮሚክ ድርጅት ከመሠረቱት ከድዌይን ማክደፊና ከባልደረቦቹ እጅ የወጣ። የቴሌቪዥን ተከታታዩ ከ2000 እስከ 2004 52 ክፍል ሄዷል። በዚህ የፊልም መስመር ግን በስሙ አንድም ፊልም አልተሠራለትም። ማክደፊ በ2011 ከማረፉ በፊት ለዚሁ መስመር የሱፐርማንና የጀስቲስ ሊግ ስክሪፕቶችን ጽፏል፤ የራሱ ልጅ ተራ ሳይደርሰው።

የእኛዎቹ በዚህ በኩል የተሻለ ጀምረዋል። ኢታን ኮሚክስ መጀመሪያ «ጀምበር»ን አወጣ፤ ቀጥሎ ሴቷን ጀግና ሲያመጣ በጀምበር ስም ሳይሆን «ሐዊ» ብሎ በራሷ ስም አወጣት። «ጥበብ ገርልስ» የተባለው አኒሜሽንም ሦስት ልጃገረዶችን እኩል ይዞ ነው የተነሳው። ገንዘብ አውጪ መጥቶ «የታወቀውን ደርቡበት» ሲላቸው እንዳይሰሙት ነው የምፈራው።

ለልጃቸው ፊልም ለሚመርጡ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር፤ ካርቱን ስለሆነ ብቻ የልጅ ነው ብለው አይክፈቱት። «ጀስቲስ ሊግ ዳርክ»፣ «ዘ ኪሊንግ ጆክ» እና «አፖኮሊፕስ ዋር» በአሜሪካ የፊልም ደረጃ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳያያቸው የተባሉ ናቸው። «ፍላሽፖይንት» ደረጃው ከእነሱ ዝቅ ቢልም ሰው ጭንቅላቱን በጥይት ሲመታ በግልጽ ያሳያል። ለትንንሾቹ የ2018ቱ የሌጎ ፍላሽና የሌጎ አኳማን ይሻላሉ፤ በአጋጣሚም ሁለቱ ጀግኖች ስማቸው ሽፋኑ ላይ ጎላ ብሎ የተጻፈላቸው እዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ